ስቶክፊሽ ወይስ የልጆቹ ፕሮግራም? ለጎንደሩ የቼዝ ግጥሚያ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ከጎንደር የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ሰው ከኮምፒውተር የሚገጥምበት የቼዝ ዝግጅት አስበናል። በሰው በኩል የከተማችን ጠንካራ ተጫዋች ተመርጧል። ጭቅጭቁ በኮምፒውተሩ በኩል ነው። ሁለት የተማሪ ቡድኖች የየራሳቸውን ፕሮግራም ጽፈዋል። ግማሹ ኮሚቴ ደግሞ ‹በዓለም አንደኛ የሆነው ስቶክፊሽ በነፃ እያለ ምን አደከመን› ይላል። ከኮሚቴው አባላት አንዱ የአንደኛው ቡድን አስተማሪ ነው። ለጊዜው የተስማማነው ሦስቱ ፕሮግራሞች በአንድ ምሽት፣ በየራሳቸው ላፕቶፕ፣ አሥር አሥር ጨዋታ እንዲገጥሙና ያሸነፈው እንዲያልፍ ነው። እነ ካስፓሮቭ የገጠሟቸውም በዚህ መንገድ የተመረጡ ይመስለናል። ይህ ፍትሐዊ ነው? ስፖንሰሩ ፖስተር ለማሳተም መልስ እየጠበቀ ነው።»

አይደለም። ስፖንሰሩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

የአሥሩን ጨዋታ ነገር እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ኮሚቴው የዘለለው ጥያቄ አለ። ግጥሚያው የሚደረገው ምን ለማየት ነው? የዓለምን ጠንካራ ፕሮግራም ለማየት ነው? የጎንደር ልጆች የጻፉት ፕሮግራም የጎንደርን ተጫዋች ይረታው እንደሆነ ለማየት ነው? ወይስ ልብ የሚያንጠለጥል ጨዋታ ፈልጋችሁ ነው? ለሦስቱም የሚሆን አንድ ማጣሪያ የለም። እናንተ ግን ይህን ሳትወስኑ ወደ ማጣሪያው ገብታችኋል።

ስቶክፊሽን ከተማሪዎቹ ጋር ማጋጠም ማጣሪያ አይባልም። ውጤቱ ከወዲሁ ይታወቃል። ከልጆቹ አንዱ ፕሮግራም ከስቶክፊሽ ጋር አቻ ከወጣ እኔ መጀመሪያ የምፈትሸው ላፕቶፑን ነው።

«በዓለም አንደኛ» የሚለውም ማብራሪያ ይፈልጋል። በፕሮግራሞች የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ስቶክፊሽ ከ3600 በላይ ሬቲንግ (የጥንካሬ ነጥብ) ተጽፎለት ታያላችሁ። ማግነስ ካርልሰን በ2014 የደረሰበት ትልቁ የሰው ሬቲንግ 2882 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ብዙ ሰው ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ይቀናንሳል። አይቀናነስም። የፕሮግራሞቹ ቁጥር የሚሰላው ፕሮግራም ከፕሮግራም ተጫውቶ፣ በተወሰነ ማሽን፣ በተወሰነ ሰዓት ነው። የሰዎቹ ደግሞ ሰው ከሰው ተጫውቶ። እያንዳንዱ በራሱ ቤት ብቻ ነው የሚሠራው። ሰንጠረዡ የሚነግራችሁ ከፕሮግራሞች መካከል ማን ማንን እንደሚያሸንፍ ነው። ለጥምቀት ግጥሚያ ማን እንደሚሻል አይነግራችሁም።

ቁጥሩ ባይነጻጸርም የከተማችሁ ተጫዋች ስቶክፊሽን እንደማያሸንፍ ግልጽ ነው። በ2009 ቦነስ አይረስ ውስጥ በተደረገ ውድድር ፖኬት ፍሪትዝ 4 የሚባል ፕሮግራም በእጅ ስልክ ላይ ተጭኖ ከ10 ጨዋታ 9.5 ነጥብ ወሰደ። ስልኩ ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ የደከመ ነበር። ዛሬ የዓለም ሻምፒዮንም ቢሆን ከስልኩ ጋር እኩል ለእኩል አይገጥምም። እና ስቶክፊሽን ከሰው ጋር በእኩል ጠጠር ብታስቀምጡት እንግዳው ግማሽ ሰዓት ያያል፣ ከዚያ ተነስቶ ቡና ይጠጣል።

ስቶክፊሽን የግድ ማሳየት ከፈለጋችሁ ጠጠር አስቀንሱት። በጥር 2016 ሂካሩ ናካሙራ ኮሞዶ ከሚባል ፕሮግራም ጋር አራት ጨዋታ ሲገጥም በእያንዳንዱ የተለየ ብልጫ ተሰጥቶት ነበር። ሦስቱ አቻ ወጡ፣ አራተኛውን ኮሞዶ አሸነፈና 2.5 ለ 1.5 አለቀ። ይህን ያገኘው በዓለም ጫፍ ላይ ያለ ተጫዋች ነው። ለእናንተ ተጫዋች ፕሮግራሙ አንድ ፈረስ ሳይዝ ይጀምር፤ ያኔ ጨዋታው ጨዋታ ይሆናል። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን «ደረጃ ዝቅ ማድረጊያ» ግን አትንኩት። እሱ ሃያ እርምጃ እንደ ሊቅ ይጫወትና ድንገት ሆን ብሎ ጠጠር ይጥላል። ተጫዋቹ ቢያሸንፍም ማንም ከልቡ አያጨበጭብም። (በእኛው ባህላዊ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ብትጫወቱ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የማይጠበቅበት ወረራ አለ፤ እነዚህ ፕሮግራሞች ደግሞ ያለ ተራ መጫወት አያውቁም። ለሌላ ጥምቀት ይቆየን።)

አሁን ወደ «እነ ካስፓሮቭ»። የያኔውን የዓለም ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን የገጠመውን ኮምፒውተር፣ ዲፕ ብሉን፣ ማንም በማጣሪያ አልመረጠውም። የ1997ቱን የኒው ዮርክ ግጥሚያ አይቢኤም አዘጋጀው፣ ማሽኑን አይቢኤም ሠራው፣ የሽልማቱን ገንዘብም አይቢኤም አቀረበ። ማሽኑ በሴኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቋም ይመረምር ነበር። የካስፓሮቭ ጨዋታዎች ሁሉ በመጽሐፍም በዳታቤዝም ታትመዋል። እሱ ግን የአዲሱን ማሽን ጨዋታ አስቀድሞ አላገኘም። በጨዋታና በጨዋታ መካከል የአይቢኤም ሰዎች ፕሮግራሙን ማስተካከል ይችሉ ነበር። ማሽኑ 3.5 ለ 2.5 አሸነፈ፣ ከውድድርም ወጣ፣ የመልስ ግጥሚያም አልተደረገም። አንዳንዱ ሰው እስከ ዛሬ ማጭበርበር ነበር ይላል። እኔ እንደዚያ አልልም። ግን ዳኛውም ባለጉዳዩም አንድ ወገን ሲሆን ንጹሕ ውጤት እንኳ ሐሜት አያጣም።

ለእናንተ ጉዳይ የሚቀርበው የ2001ዱ ታሪክ ነው። ቭላዲሚር ክራምኒክ ካስፓሮቭን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። ባሕሬን ላይ ከኮምፒውተር ጋር እንዲገጥም ታሰበ። ተጋጣሚውን ለመምረጥ ስፔን ውስጥ ካዳኬስ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ዲፕ ፍሪትዝና ዲፕ ጁንየር የሚባሉ ፕሮግራሞች 24 ጨዋታ ተጋጠሙ። ጁንየር መጀመሪያ ላይ በሰፊው መራ። ፍሪትዝ ደረሰበትና 12 ለ 12 ሆኑ። በተጨማሪ ጨዋታ ፍሪትዝ አለፈ።

ሰሌዳው ላይ የነበረው ነገር ደህና ነው። ጥያቄ የሚነሳው ከሰሌዳው ውጭ ባለው ነው። በ2000 ለንደን ላይ የማይክሮ ኮምፒውተሮች የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሽሬደር የሚባል ፕሮግራም እዚያ ሰሌዳ ላይ አልነበረም። በዘመኑ ስም የነበራቸው ሌሎችም አልነበሩም። የተጫወቱት ሁለቱ ፕሮግራሞች ደግሞ የሚሸጡት በአንድ የጀርመን ኩባንያ በኩል ነበር። ማን አሸነፈ ከማለት በፊት ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ በምን ሕግ ብሎ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው። የግብዣ ዝርዝሩ ራሱ ምርጫ ነው። ከእናንተ ኮሚቴ ይልቅ ብዙ ልምድና ብዙ ገንዘብ የነበራቸው ሰዎች እዚያ ላይ ነው የተተቹት።

ከካዳኬስ የሚወጣ ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው እሱን ነው። ማጣሪያው ማሽን ከማሽን ነበር። ሥራው ግን ሰውን መግጠም ነበር። እነዚህ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። በ2002 ባሕሬን ላይ ክራምኒክ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ንግሥቶቹን ቶሎ እያስቀያየረ፣ ማሽኑ ረጅም ዕቅድ ማየት ወደሚያቅተው ጸጥ ያለ አቋም ወሰደው። ሁለት አሸነፈ። በኋላ ሁለት ተሸነፈና 4 ለ 4 አለቀ። ሌላ ፕሮግራምን በማሸነፍ የተመረጠ ፕሮግራም ሰው በሚመርጠው ዓይነት አቋም ሲደናበር ታየ። የዛሬዎቹ ጠንካራ ፕሮግራሞች ይህ ድክመት የለባቸውም። ተማሪ የጻፈው ግን ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ማጣሪያችሁ የሚነግራችሁ ከሁለቱ ፕሮግራሞች የቱ ሌላውን እንደሚበልጥ ነው። የቱ ለሰው እንደሚከብድ በእርግጠኝነት አይነግራችሁም። ይህን ገደብ ለቡድኖቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

አሥር ጨዋታ። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ታገሡኝ። ሁለቱ የተማሪ ፕሮግራሞች በችሎታ ፍጹም እኩል ናቸው እንበል። ከጨዋታዎቹ ሠላሳ በመቶ ያህሉ አቻ ይወጣሉ ብለን እናስላ። አሥር ጨዋታ ብታጫውቷቸው ከግማሽ በሚበልጠው ጊዜ አንዱ 6 ለ 4 ወይም ከዚያ በሰፋ ልዩነት ያሸንፋል። ከአምስት ወይም ከስድስት ምሽት በአንዱ ደግሞ 7 ለ 3 ወይም ከዚያ በላይ ታያላችሁ። እኩል ሆነው ማለት ነው! አዳራሹ ያጨበጭባል፣ አንዱ ቡድን አንገቱን ይደፋል። የተለካው ግን ዕድል ነው። ለዚያ ዕጣ ብትጥሉ ቢያንስ ኤሌክትሪክ ትቆጥባላችሁ።

የባሰም አለ። ፕሮግራም በተፈጥሮው ድግግሞሽ ይወዳል። በአንድ ዓይነት ሁኔታ ከመነሻው አቋም ስታስጀምሩት ያንኑ ጨዋታ መልሶ ሊጫወት ይችላል። አሥር ጨዋታ ያላችሁት ሁለት ጨዋታ አምስት ጊዜ ተደግሞ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ጨዋታው ከተለያዩ አጫጭር መክፈቻዎች ይጀመራል፤ እያንዳንዱም መክፈቻ ሁለት ጊዜ፣ ነጭና ጥቁር ተቀያይሮ። ታዋቂው የፕሮግራሞች ውድድር ቲሲኢሲ መቶ ጨዋታ ያለውን የፍጻሜ ግጥሚያውን የሚያካሂደው እንደዚህ ነው። መክፈቻው ለነጭ ቢያደላም ሁለቱም በተራቸው ነጭ ስለሚሆኑ ይካካሳል።

የእናንተ ማጣሪያ 400 ጨዋታ ይሁን። 200 መክፈቻ፣ እያንዳንዱ ሁለቴ። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም 10 ሴኮንድ፣ በየእርምጃው አንድ አሥረኛ ሴኮንድ እየተጨመረ። አንድ ጨዋታ ከአርባ ሴኮንድ ብዙም አይዘልም፤ ሁሉም ተደምሮ አንድ ሌሊት አይፈጅም። ማንም ቁጭ ብሎ ጠጠር ማንቀሳቀስ የለበትም። ኪዩት ቼስ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ሁለቱን ፕሮግራሞች አገናኝቶ ያጫውታል፣ ውጤቱንም ይመዘግባል። ቅድመ ሁኔታው ፕሮግራሞቹ ዩሲአይ በተባለው የተለመደ የመግባቢያ ሕግ እንዲናገሩ ነው። ተማሪዎቹ እስካሁን ካልጨመሩት ሦስት ሳምንት ስጧቸው።

ከ400ው 217 ነጥብ ያገኘ ያልፋል። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እኩል የሆኑ ሁለት ፕሮግራሞች በዕድል ብቻ ይህን ያህል የሚራራቁት ከሃያ ጊዜ አንዴ ያህል ነው። ማንም 217 ካልደረሰ «አልተለዩም» በሉና በሕዝብ ፊት ዕጣ ጣሉ። አውቃለሁ፣ 210 ያገኘው ቡድን ይከፋዋል። ግን የማይታወቀውን እንደሚታወቅ አድርጎ ማወጅ የባሰ ነው። ደንቡ ከጨዋታው በፊት ከተጻፈና ሁለቱም ከፈረሙበት ቅሬታው ዕድሜ አይኖረውም።

«በየራሳቸው ላፕቶፕ» ያላችሁትን ሰርዙት። የሀብታም ልጅ ላፕቶፕ ከድሀ ልጅ ላፕቶፕ ጋር እንዲገጥም አይደለም የፈለጋችሁት። ሁለቱም በአንድ ኮምፒውተር ላይ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ኮር (የፕሮሰሰሩ አንድ የሥራ ክፍል)፣ በእኩል ሜሞሪ ይጫወቱ። በተጋጣሚ ሰዓት ማሰብም ይጥፋ፤ አለዚያ አንዱ የሌላውን ጉልበት ይሻማል። ይህ ነገር ትልልቆቹንም አጨቃጭቋል። በታኅሣሥ 2017 የጉግል እህት ኩባንያ ዲፕማይንድ፣ የሠራው አልፋዜሮ የሚባል ፕሮግራም ስቶክፊሽን ከ100 ጨዋታ 28 አሸንፎ 72 አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም ብሎ አወጣ። ዓለም ጉድ አለ። ባለሙያው ግን ወዲያው ቅድመ ሁኔታውን ነበር ያየው። ስቶክፊሽ በ64 ክር (ጎን ለጎን በሚሄድ ስሌት) እየሠራ፣ የመረመረውን የሚያስቀምጥበት የሃሽ ሜሞሪ የተሰጠው 1 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሰዓቱን እንደ ሁኔታው መከፋፈል አንዱ ጥንካሬው ሆኖ ሳለ በእርምጃ አንድ ደቂቃ ተብሎ ተቆርጦለታል። አልፋዜሮ ደግሞ የሚሠራው ፈጽሞ በተለየ ዓይነት ማሽን ነው። ዲፕማይንድ በሚቀጥለው ዓመት በተሻለ ሁኔታ 1000 ጨዋታ አጫውቶ አሳተመ፤ 155 አሸንፎ 6 ተሸነፈ። አልፋዜሮ እውነትም ጠንካራ ነበር። መጀመሪያውኑ እንዲህ ቢደረግ ግን የአንድ ዓመት ንትርክ ይቀር ነበር።

መብራት። ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ላፕቶፕ መብራት ጠፍቶ ወደ ባትሪ ሲዞር ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ፕሮግራሙ ያው ነው፣ የሚያየው ርቀት ግን ያጥራል። በማጣሪያው ሌሊት ይህ ከተፈጠረ ግማሹ ጨዋታ በአንድ ማሽን፣ ግማሹ በሌላ ማሽን እንደተደረገ ቁጠሩት። ባትሪ ላይ ሲሆን ፍጥነት የሚቀንሰውን ቅንብር አጥፉ፤ ዩፒኤስ ወይም ጄኔሬተር አዘጋጁ። የተቋረጠ ጨዋታ ካለ ከነጥንዱ ይሰረዝና ከመጀመሪያው ይደገም። ለግጥሚያው ቀን ደግሞ ፕሮግራሙ የተጫነበት ሁለተኛ ኮምፒውተር ይኑር። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ኢንተርኔት የሚፈልግ ነገር አትጠቀሙ። ከተማው በሕዝብ በተጨናነቀበት ሰሞን ኔትዎርክን ማመን ሞኝነት ነው፤ ደግሞም መስመሩ ከተከፈተ ማን እየተጫወተ እንደሆነ አታውቁም።

አስተማሪው። ጥሩ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጉዳዩ ጥሩነታቸው አይደለም። በማጣሪያው ውሳኔ ላይ ድምፅ አይስጡ፣ መክፈቻዎቹን አይምረጡ፣ ኮምፒውተሩም እሳቸው ዘንድ አይደር። ኮሚቴው ውስጥ በሌላ ሥራ ይቆዩ። መክፈቻዎቹን ከትልቅ ስብስብ ውስጥ የማይመለከተው ሰው በዚያው ቀን በዕጣ ያውጣ። አስቀድሞ ከታወቁ አንዱ ቡድን ፕሮግራሙን ለእነሱ ብሎ ሊያስተካክል ይችላል።

ሳትጠይቁኝ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። ፕሮግራሙ የልጆቹ መሆኑን በምን አወቃችሁ? ይህን ማንሳት ደስ አይልም። ግን የስቶክፊሽ ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ ስም ቀይሮ ማቅረብ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በዓለም ደረጃም ሆኗል። በ2011 ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ማኅበር ሪብካ የሚባለው የቼዝ ፕሮግራም የሌሎችን ፕሮግራሞች ኮድ ወስዷል ብሎ ከ2007 እስከ 2010 ያገኛቸውን አራት የዓለም ሻምፒዮንነቶች ነጠቀው። አራት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሻምፒዮን መሆን ነበረበት ማለት ነው። በ2021 ደግሞ የስቶክፊሽ ሠሪዎች ፋት ፍሪትዝ 2 የሚባለውን ፕሮግራም የሸጠውን ኩባንያ በፈቃድ ጥሰት ከሰሱ፤ ጉዳዩ በ2022 በስምምነት አለቀ።

ስለዚህ ሁለቱም ቡድኖች ሙሉ ኮዳቸውን ያቅርቡ። ኮሚቴው ፊት ከኮዱ ተነስተው ፕሮግራሙን ይገንቡት። ከውጭ የወሰዱትን ሁሉ ይጻፉ። ከታወቀ ምንጭ ሐሳብ መውሰድ ነውር አይደለም፤ ሁሉም የቼዝ ፕሮግራም ከቀደሙት የተማረ ነው። የሌላን ሰው ኮድ ገልብጦ የራስ ማለት ነው ነውሩ። ቀላል ፈተናም አለ። አንዱን ተማሪ «ፕሮግራምህ የንጉሥን ደኅንነት እንዴት ነው የሚገምተው?» ብላችሁ ጠይቁት። የጻፈው ልጅ አሥር ደቂቃ ሳያቋርጥ ይነግራችኋል፤ እንዲያውም ማስቆም ነው የሚቸግራችሁ።

ማጣሪያው ካለቀ በኋላ ፕሮግራሙ ይቆለፍ። ፋይሉ በፍላሽ ተደርጎ፣ በታሸገ ፖስታ፣ ሁሉም በሚያምኑት ሰው እጅ ይቀመጥ። አንድ ቅጂ ደግሞ ለተጫዋቹ ከግጥሚያው ሁለት ሳምንት በፊት ይሰጠው። ይህን ስል ተማሪዎቹ እንደሚጮኹ አውቃለሁ፤ ደካማ ጎናችንን ያገኝብናል ይላሉ። ያግኝ። ፕሮግራሙ የእሱን ጨዋታ ሁሉ ሊመግቡት የሚችሉ ሠሪዎች አሉት፤ እሱም ተጋጣሚውን የማወቅ መብት አለው። ክራምኒክ ለባሕሬኑ ግጥሚያ ፕሮግራሙን ቀድሞ አግኝቶ ነበር። በ2006 ቦን ላይ በድጋሚ ከዲፕ ፍሪትዝ ጋር ሲገጥም እንዲያውም ማሽኑ ከመክፈቻ መጽሐፉ (ቀድሞ ከተጫነለት የመክፈቻ እርምጃዎች ዝርዝር) እየተጫወተ እስካለ ድረስ መጽሐፉን በስክሪን ያይ ነበር። በዚያ ሁሉ ዝግጅት በሁለተኛው ጨዋታ በአንድ እርምጃ የሚያልቅ ቼክሜት ሳያይ ቀርቶ ተሸነፈ። ግጥሚያው 4 ለ 2 አለቀ። ሰው ነዋ። ግን ስለ ሁኔታው ያጉረመረመ ሰው አልነበረም ለማለት ባልደፍርም፣ ከ1997ቱ ጋር የሚወዳደር ሐሜት አልተሰማም።

ጠጠር የሚያንቀሳቅሰው የፕሮግራሙ ወኪልም ደንብ ይፈልጋል። ማሽኑ ያለውን ብቻ ይጫወት። በእጁ የተሳሳተ ካሬ ላይ ቢያስቀምጥ ወዲያው ይታረምና ሰዓቱ ይስተካከል። አቻ መጠየቅ፣ መቀበል ወይም መሸነፍን ማመን የሚችለው ማን እንደሆነም ይጻፍ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሕዝብ ፊት ሲሆን ትንሽ አይደለም።

የእኔ ውሳኔ ይኸውና። ስቶክፊሽን ከማጣሪያው አውጡት። ዋናው ግጥሚያ በከተማችሁ ተጫዋችና ከሁለቱ የተማሪ ፕሮግራሞች በአንዱ መካከል ይሁን። ማጣሪያው 400 ጨዋታ፣ በአንድ ኮምፒውተር፣ ጥንድ በሆኑ መክፈቻዎች፤ ማለፊያው 217። ከዚያ ያለፈው ፕሮግራም ሃያ ያህል ጨዋታ ለግጥሚያው በተወሰነው የማሰቢያ ሰዓት ከሌላኛው ጋር ይጫወት። ይህ ደረጃ ለማውጣት አይደለም፤ በረጅም ሰዓት የሚንጠለጠል፣ ሰዓቱን የሚያሳልፍ ወይም ሕግ የሚጥስ እርምጃ የሚጫወት እንደሆነ ለማየት ነው። የተማሪ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። ስህተት ከተገኘ ስህተቱ ብቻ ታርሞ እንደገና ይቆለፍ። ስቶክፊሽ በመዝጊያው ቀን ፈረስ ቀንሶ ለመዝናኛ ይምጣ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የተማሪዎቹ ፕሮግራም ከተጫዋቹ ሊበልጥ ይችላል። በደንብ የተጻፈ ቀላል ፕሮግራም እንኳ የከተማ ሻምፒዮንን ያስቸግራል። በልምምድ ተጫዋቹ ሲሸነፍ አይታችሁ የፕሮግራሙን ሰዓት ወይም ኮር ለመቀነስ ትፈተናላችሁ። ያን ጊዜ የመረጣችሁት ፕሮግራም መሆኑ ይቀራል። ሰዓቱንም ማሽኑንም ከማጣሪያው በፊት ወስኑ፣ ከዚያ አትንኩ።

ለስፖንሰሩ ደግሞ የፕሮግራሙ ስም ሳይጠበቅ ፖስተሩ ይታተም በሉት። በአንድ በኩል የተጫዋቹ ፎቶ፣ በሌላው በኩል የሁለቱም ቡድኖች ስም፣ ከሥሩ «ከሁለቱ አንዱ» የሚል ይጻፍበት። ደንቡን ግን ፖስተሩ ከመለጠፉ በፊት አስፈርሙ።